በአባቶች ዘመን እንግዳ መሆን፦ «አዝቴኮች» ስለ ተባለው የቴሌቪዥን ድራማ በሉማሜ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር ከሉማሜ ገበያና ከአዋበል የጤፍ ማሳ ርቆ የሚገኝ፣ ለአንዳንዶቻችሁም ከቁም ነገር ይልቅ የልጆች ጨዋታ መስሎ የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም የምናገረው የእንግሊዙ ማሰራጫ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. ከግንቦት 15 ቀን እስከ ሰኔ 6 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በየቅዳሜው በአራት ክፍል ስላሳየው፣ «አዝቴኮች» ስለ ተባለው ድራማ ነው። በዚያ ወራት በአገራችን ቴሌቪዥን ገና አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ከዚያ በኋላ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን በቅኔና በፉከራ፣ በተረትና በልቅሶ ግጥም ሲያነሣ ሲጥል ለሚውለው ለጎጃም ሰው፣ ይህ ድራማ የሚያነሣው ጥያቄ ባዕድ አይሆንበትም። ጥያቄውም፣ ዛሬ የምናውቀውን ሁሉ እያወቅን ወደ አባቶቻችን ዘመን ብንመለስ ምን ልናደርግላቸው እንችላለን፣ እነርሱስ ከእኛ ምን ይቀበላሉ የሚል ነው።

ሰው ከገዛ ዘመኑ ወጥቶ በሌላ ዘመን ውስጥ የሚገኝበት ታሪክ በእኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈው፣ ነቢዩ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን የኢየሩሳሌምን ጥፋት በዓይኑ እንዳያይ በለስ ያመጣ ዘንድ ወደ አግሪጳ እርሻ በላከው ጊዜ፣ አቤሜሌክ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ልረፍ ብሎ ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ፤ ነቅቶ ሲያይ የቆረጠው በለስ ገና ፈሳሹ የሚንጠባጠብ እርጥብ ነው፤ ወደ ከተማው ሲገባ ግን መንገዱም ቤቱም ሰዉም ተለውጦበት፣ መንገድ የሳተ መስሎት ከከተማው ወጥቶ እንደ ገና ይገባል፤ በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ይነግረዋል። ሰባቱ የኤፌሶን ወጣቶችም በዋሻቸው ተኝተው የነቁት እንዲሁ በማያውቁት ዘመን ነው። እነዚህ ሁሉ የተጓዙት ወደ ፊት ስለ ሆነ፣ በደረሱበት ዘመን ሥራቸው ማየትና ማድነቅ፣ ማልቀስና አምላክን ማመስገን ነው፤ የሆነው ሁሉ ሆኖ ስላለቀ የሚያርሙት ነገር የላቸውም። የዘመናችን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን ሰውን ወደ ኋላም ይሰደዋል። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ፍጻሜውን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለ ሆነ፣ እጁን ሰብስቦ ለመቀመጥ ይቸገራል፤ ከዚህም ላይ ከባዱ ነገር ይጀመራል።

«አዝቴኮች» ብቻውን የቆመ ሥራ ሳይሆን «ዶክተር ሁ» የተባለው የረጅም ተከታታይ ድራማ አንድ ምዕራፍ ነው። ተከታታዩ የጀመረው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር፤ ይህችም ዕለት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ቀን ማግሥት ናት፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋሽንግተን ከጄኔራል ደጎል ጋራ የሬሳውን ሽኝት በእግር ሲከተሉ የታዩበት ያ ሰሞን ማለት ነው። ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን፣ ሥራውን በኃላፊነት የመራችው ደግሞ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ቬሪቲ ላምበርት ነበረች። ፈቃዳቸውም ልጆች እየተዝናኑ እንዲማሩ ነበርና፣ ከዋነኞቹ ተጓዦች ሁለቱን አስተማሪዎች አደረጓቸው፤ ኢያን ቼስተርተን የሳይንስ፣ ባርባራ ራይት የታሪክ መምህራን ናቸው። እነዚህ ሁለቱ፣ ዶክተሩ ከሚባለው ሽማግሌና ከልጅ ልጁ ከሱዛን ጋራ፣ ከውጭ ሲያዩት ጠባብ የለንደን ፖሊስ የስልክ ቤት፣ ውስጡ ግን ሰፊ አዳራሽ በሆነ መሣሪያ ተሳፍረው ከዘመን ወደ ዘመን ይዞራሉ። በኋላ ተመልካቹ ከብረት ለበሱ ከዳሌኮችና ከመሰል ጭራቆች ጋራ ፍቅር ስለ ያዘው፣ ጭራቅ የሌለበት ንጹሕ የታሪክ ድራማ እያደር ቀነሰና በ1959 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ ማለት ይቻላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ተከታታዩ ከሁሉ የበለጠ ጥበብ የታየበት በእነዚያ ጭራቅ በሌላቸው ታሪኮች ነው።

አሁን ወደ አዝቴኮች አገር እንሂድ። አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የሜክሲኮ አደባባይን ያውቃል፤ ስሙ የተሰጠው ሜክሲኮ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ስለ ነበረች ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። ዝምድናችን በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ዛሬ በማሳችን ጠርዝ እየቆረጥን በፍም የምንጠብሰው የበቆሎ እሸት፣ ወጣችንንም የሚያቀላው በርበሬ ዘራቸው ከዚያ ምድር የመጣ ነው። ሕዝቡ በሐይቅ ላይ ቴኖቺቲትላን የተባለች ታላቅ ከተማ ሠርቶ፣ የከዋክብትን ሂደት ቈጥሮ፣ ውኃን በቦይ አቅንቶ የሚኖር ጠቢብ ሕዝብ ነበረ፤ ነገር ግን ለፀሐይና ለዝናብ አማልክቱ የሰው ልብ ይሠዋ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1519 የስፔኑ ኮርቴስ በባሕር መጥቶ አገሩን ረገጠ፤ በ1521 ከተማይቱ ወደቀች። የፖርቱጋል መልእክተኞች ከቄሱ ከአልቫሬዝ ጋራ በምጽዋ ገብተው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት በዚያው መካከል፣ በ1520 ነው። ድራማው የሚነግረን ታሪክ ከኮርቴስ መምጣት በፊት፣ በ15ኛው ምእት ዓመት፣ በእኛ አገር ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይነግሡበት በነበረው ዘመን አቅራቢያ የተደረገ ነው። ደራሲው ጆን ሉካሮቲ በሜክሲኮ የኖረና ሕዝቡን የወደደ ሰው ስለ ነበረ፣ አዝቴኮቹን ከሩቅ የሰማቸው ሰው በሚጽፍበት መንገድ አልጻፋቸውም።

መሣሪያው የሚያርፈው የታክሳ በተባለ የሞተ ሊቀ ካህናት መቃብር ውስጥ ነው። ባርባራ ከመቃብሩ ያገኘችውን አምባር በእጅዋ ታጠልቃለች፤ ወደ ውጭ በወጣች ጊዜም ሕዝቡ አምባሩን አይቶ የታክሳ በሴት አካል ተመልሶ መጣ ብሎ ይሰግድላታል። የታሪክ መምህርት ናትና ኮርቴስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሰው መሠዋቱ ቢቀር፣ መልካሙ ጥበባቸው ብቻ ቢተርፍ፣ ስፔኖቹ ሲመጡ ሕዝቡ ከጥፋት ይድናል ብላ ታስባለች። ዶክተሩ አጥብቆ ይከለክላታል፤ ካለፈው ታሪክ አንዲት መሥመር እንኳ መለወጥ እንደማይቻል ይነግራታል፤ እርስዋ ግን ሥልጣኑ በእጅዋ ስለ ገባ አትሰማውም።

የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳቤ ይመጣል። የዝናብ መሥዋዕት የሚቀርብበት ሰዓት ደርሷል፤ ትሎቶክስል የተባለው የመሥዋዕቱ ሊቀ ካህናት ቢላዋውን አንሥቶ ቆሟል፤ ሊሠዋ የተዘጋጀው ሰው ከጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በዚህ ጊዜ ባርባራ በአምላክነትዋ ታዝዛለች፤ አቁሙ፣ ከእንግዲህ ሰው አይሠዋም ትላለች። እኛ ተመልካቾቹ ሰውየው ከሞት ስለ ዳነ ደስ ሊለው ይገባል ብለን እንጠብቃለን። እርሱ ግን ይቈጣል፤ ክብሬን ቀማችሁኝ፣ አዋረዳችሁኝ ብሎ ተነሥቶ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን ይወረውራል። ወዲያውም ዝናብ ይመጣል፤ ለሕዝቡም ዝናቡን ያመጣው የዚያ ሰው ሞት ይሆናል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባርባራ ያሰበችው መልካም ነገር ሁሉ በራስዋ ላይ ተመልሷል፤ አድናለሁ ያለችው ሰው ሞቷል፣ ሐሰት ነው ያለችው እምነት በሰዉ ዓይን ተረጋግጧል፣ ትሎቶክስልም ጠላትዋ ሆኗል። የሉካሮቲ ትልቁ ችሎታ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ሟቹ ሰው ስለ ራሱ ሞት የራሱ አሳብ እንዳለው ማሳየቱ ነው። ደካማ ደራሲ ቢሆን ሰውየውን ያስለቅሰው፣ እጅ ያስነሣው፣ አዳኙን ያስመሰግነው ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። ትሎቶክስል ክፉ ሰው ነው፤ ተንኰለኛ፣ ደም የለመደ፣ ንግግሩም አካሄዱም የሼክስፒርን ጐባጣ ንጉሥ ሪቻርድን የሚያስታውስ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተዋናዩ ጆን ሪንግሃም ከልክ በላይ ያበዛዋል። ነገር ግን በአራቱ ክፍሎች ሁሉ ስለ ባርባራ እውነቱን የሚናገር እርሱ ነው። አምላክ አይደለችም ይላል፤ ልክ ነው፤ አታላይ ናት ይላል፤ ልክ ነው። መርዝ ሊያጠጣት ሞክሮ ባልተሳካለት ጊዜ፣ እርስዋ ራስዋ አምላክ አለመሆንዋን ፊት ለፊት ታምንለታለች፤ ብትናገር ግን ማን ያምንሃል ብላ ታስፈራራዋለች። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ እውነት የያዘው ቢላዋ ጨባጩ ነው፤ ሕይወት ማዳን የፈለገችው ደግሞ በሐሰተኛ አምባር ሕዝብ የምታሰግድ ናት። ከደጉ ወገን ያለችው በውሸት ላይ ቆማ፣ ከክፉው ወገን ያለው በእውነት ላይ ቆሞ የሚከራከሩበት ድራማ ለልጆች ተብሎ በቅዳሜ ማታ መቅረቡ ዛሬም ይደንቀኛል።

በመካከላቸው የቆመው ኦትሎክ የተባለው የጥበብ ሊቀ ካህናት ነው። እርሱ ብቻ ባርባራን በልቡ ያምናታል፤ መሥዋዕቱ ትክክል እንዳልሆነ ከእርስዋ በፊትም ሳይጠረጥር አልቀረም። ስለዚህ በእርስዋ ምክንያት ሹመቱንም፣ በወገኖቹ ዘንድ የነበረውን ክብርም፣ በመጨረሻም ሲያገለግለው የኖረውን እምነት አጥቶ ወደ ምድረ በዳ ብቻውን ይሄዳል። የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜም መሥዋዕቱ ሳይቀር ይፈጸማል፤ ኮርቴስም ጊዜው ሲደርስ መምጣቱ አይቀርም። ባርባራ ምንም ሳልሠራ ቀረሁ ብላ ስታዝን፣ ዶክተሩ አንድን ሥልጣኔ ባታድኝ አንድ ሰው ረድተሻል ብሎ ያጽናናታል። ብዙዎች በዚህ ማጽናኛ ይረካሉ። እኔ ግን አልረካሁም፤ ምክንያቱም ኦትሎክ ረዳችኝ ይል እንደ ሆነ የጠየቀው የለም። እምነቱን ያጣው በማያውቃት ሴት ቃል ነው፤ ያችም ሴት በማግሥቱ በሳጥንዋ ገብታ ሄዳለች።

ዶክተሩ ራሱም፣ ለሌላው የሚመክረውን ያህል ጠንቃቃ አልሆነም። ስለ ቤተ መቅደሱ አሠራር ለማወቅ ሲል ኢክስታ ለተባለው ጦረኛ ተቃዋሚውን የሚያደነዝዝበትን የእሾህ መርዝ ያስተምረዋል፤ ተቃዋሚው የገዛ ጓደኛው ኢያን መሆኑን አላወቀም። ካሜካ ከተባለች የተከበረች ሴት ጋራም በአትክልት ቦታ ተቀምጦ ሲጫወት፣ ካካዎ አፍልቶ አብረው እንዲጠጡ ያቀርብላታል፤ በአዝቴኮች ሥርዓት ይህ የጋብቻ ጥያቄ መሆኑን የሚረዳው ጽዋው ከተጠጣ በኋላ ነው። ይህ ክፍል ያስቃል፤ ዊልያም ሃርትኔል የተባለው ተዋናይ በዚያች ቅጽበት ዓይኑን ሲያፈጥ ሳይስቅ የሚያልፍ ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ ግን ካሜካ የሰጠችውን የጌጥ መታሰቢያ በመቃብሩ ላይ ትቶ ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ተመልሶ አንሥቶ በኪሱ ያስገባዋል። በዘመናት ሁሉ ላይ አዋቂ ነኝ የሚለው ሽማግሌ የአንዲት ሴት ልብ መስበሩን በቃል ሳይሆን በዚህ ብቻ እናውቃለን።

ስለ ሥራው ጉድለትም ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ሙገሳ ብቻ ይሆናል። በጠባብ ስቱዲዮ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ ሩቅ የሚታየው ከተማ በጨርቅ ላይ የተሣለ መሆኑ አንዳንድ ጊዜ ይታወቃል፤ አዝቴኮቹን ከሚጫወቱት ተዋናዮች ብዙዎቹ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ሱዛን ደግሞ በሁለቱ መካከለኛ ክፍሎች ከቀረጻ ርቃ እንደ ነበረች በግልጥ ያስታውቃል። ከዚህ ሁሉ ጋራ ግን ሥራው እስከ ዛሬ በሙሉ ይገኛል፤ ሉካሮቲ ከእርሱ አስቀድሞ የጻፈው፣ ስለ ማርኮ ፖሎ የሚናገረው የሰባት ክፍል ድራማ ግን፣ ቴፖቹ በዚያ ዘመን ልማድ ተጠርገው እንደ ገና ለሌላ ቀረጻ ይውሉ ስለ ነበረ፣ ሥዕሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ወደ ገዛ አገራችን ደራሲ ልመለስ። ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ የአብነት ትምህርት ቀስመው ያደጉ የጎጃም ልጅ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለዳቸው የታተመው ደግሞ በ1958 ዓ.ም.፣ ከ«አዝቴኮች» ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱ ደራሲዎች ተዋውቀዋል የሚል የለም፤ ነገር ግን የዚህን ልብ ወለድ ባለ ታሪክ ጉዱ ካሣን ከባርባራ ጐን ብታቆሙት የምትማሩት ነገር አለ። ጉዱ ካሣም የወገኖቹን ሥርዓት ይነቅፋል፣ የጌታና የሎሌ መከፋፈሉ ጥፋት እንደሚያመጣ ያያል፤ ግን የሚናገረው ከውስጥ ሆኖ ነው። ከሚነቅፋቸው ጌቶች አንዱ ፊታውራሪ መሸሻ የሥጋ ዘመዱ ናቸው፤ ቋንቋቸውን ያውቃል፣ ልማዳቸውን ያውቃል፣ የሚነቅፈው ሥርዓት እርሱንም ወልዶታል። ስለዚህ ሰዉ ጉዱ ብሎ ቢስቅበትም፣ ሲናገር ያመዋል፤ አንባቢም ሕመሙን አብሮት ይታመማል። ባርባራ ግን ሐሳብዋ እውነት ቢሆንም፣ ዋጋ የምትከፍልበት ነገር የላትም፤ ሲከብድባት የምትሄድበት ዘመን አላት። ሀዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሣን ከዘመኑ የተወለደ ሰው ሳይሆን ከኋላ ዘመን የተላከ ጠቢብ አድርገው ቢጽፉት ኖሮ፣ መጽሐፉ ዛሬ ማንም የማያነሣው ስብከት ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዘመን ሰዎች ላይ ስንፈርድ ብዙዎቻችን የባርባራን አምባር እናጠልቃለን። የእምባቦን ጦርነት ብቻ እናንሣ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ዓባይን ተሻግረው ሆሮ ጉዱሩ ምድር ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋራ ገጠሙ፤ የራስ ጎበና ፈረሰኛ በረታ፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ። ዛሬ ይህን የሚያወራ ሰው፣ ባይሻገሩ ምን ነበረ ብሎ በቀላሉ ይናገራል። ነገር ግን ንጉሡ የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን አይደለም፤ የሚያውቁት በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ መድፋታቸውን፣ ከፋ ደግሞ ከዓባይ ማዶ መሆኑን፣ የዝሆን ጥርሱ፣ የዝባዱና የቡናው ንግድ ለማን እንደሚገብር ገና አለመወሰኑን ነው። ዘውዱን ተቀብሎ አገሩን ትቶ የሚቀመጥ ንጉሥ በመኳንንቱ ፊት ምን ይባላል? ይህን ያልጠየቀ ተጓዥ ከዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አትሻገሩ ብሎ ቢጮኽ፣ ከጦረኛው መካከል ዞሮ የሚያየው እንኳ አይኖርም፤ ዞሮ ያየው ቢኖርም ፈሪ ብሎት ያልፋል።

በመካከላችሁ መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሉማሜ ተነሥቶ ወደ እምባቦ ዘመን የሚሄድ ሰው ታሪክ ጻፉልን። መሣሪያው ምንም ይሁን፣ ግድ የለኝም፤ ስልክ ቤትም ይሁን የአቤሜሌክ የበለስ ዛፍ፤ ነገር ግን ተጓዡን ከንጉሡ የሚበልጥ ዐዋቂ አታድርጉት፤ የሚቃወሙትን መኳንንትም ሞኞች አታድርጓቸው፤ ወታደሩ ስለ መሻገሩ የራሱ ምክንያት፣ ስንቅ የምታዘጋጀዋ ሚስቱም የራስዋ ይኑራት። ከመጻፋችሁ አስቀድሞ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሽማግሎች በየቀበሌያችሁ አሉና እየሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱም ለእነርሱው አንብቡላቸው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ የሚል ሰው የለም ብለው የሚስቁበት ቦታ ሲያጋጥማችሁ፣ ያን ቦታ ሰርዛችሁ እንደ ገና ጻፉት።